ቱርቦው ሲነፋ ነዳጁ የት ነበር?

ፒስተኑ የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ቀለበቶቹ ከሚቀመጡባቸው ሁለት ቦዮች መካከል ያለችው ቀጭን ግንብ፣ ጥርሱ እንደወለቀ ድድ በአንድ ጎኗ ጎድላለች። መካኒኩ ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና፣ «ይኼን የሰበረው ቱርቦው አይደለም። ረሃብ ነው የሰበረው» አሉ።

የእህቴ ልጅ ምንም አልመለሰም። እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ፒስተኑን እያየ ቆመ።

ቦታው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ። ሁለት መኪና የምትይዝ ጋራዥ ናት፤ በሩ አጠገብ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጀበና ተጥዷል። ኮፈኑን ከፍቶ የቆመው መኪና የ2006 ሞዴል ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስቲአይ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት የነበረው። ልጁ ሁለት ሥራ እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዛው። በነሐሴ ሌላ ቦታ ወስዶ ከፍ ያለ ቱርቦ አስገጠመለት፤ የነዳጅ ፓምፑም አብሮ ተቀየረ። መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ፣ ወደ አውራ ጎዳናው በሚያስገባው ጠምዛዛ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ረገጠው። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ከፊቱ መጣ፤ ቀጥሎ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ።

እኔ የሄድኩት ልጁን ላጽናና ነበር። ጋሼ «ረሃብ» ያሉት ቃል ግን ያዘኝና እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያች ጋራዥ ተመላለስኩ። ስለ ቱርቦ የሚያወራ ወጣት ብዙ ነው፤ በየኢትዮጵያዊው ሰርግና ልደት ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ኮፈን ከፍተው የተሰበሰቡ ልጆች አይጠፉም። የሚያወሩት ስለሚነፋው ነው። ስለሚመግበው ሲያወሩ የሰማሁት ጥቂት ነው፤ ሞተር ግን የሚሞተው እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ ከመሠረቱ ይኼ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። መኪናው ለጥ ባለ መንገድ በዝግታ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ይህንን ልክ ይጠብቃል። ቱርቦው ሲነፋ ግን ልኩ ሆን ተብሎ ይለወጣል፤ ለአንድ ግራም ቤንዚን አየሩ ወደ 11.5 ወይም 12 ግራም እንዲወርድ ይደረጋል። ትርፍ ሆኖ የሚገባው ቤንዚን ለመቃጠል የገባ አይደለም። ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል፤ ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል። ያ ጠባቂ ሲቀር፣ ታምቆ የጋለው ድብልቅ ካንዴላው የለኮሰው እሳት እስኪደርስበት አይጠብቅም። ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች «ሞተር አንኳኳ» የሚሉት ይህንን ነው። ፒስተን ላይ በመዶሻ እንደመምታት ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ።

ጋሼ ይህንን ለመቀበል ዓመታት እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። እዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ፖምፓና ኖዝል ሠሪ ነበሩ፤ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጀምረው በኋላ ቱርቦ ያላቸው ናፍጣ መኪናዎች ላይ ደርሰዋል። «የለመድኩትን ሁሉ መገልበጥ ነበረብኝ እህቴ» አሉ ቡናውን እየቀዱ። ናፍጣ ሞተር አየሩን ሁልጊዜ እስኪጠግብ ይስባል፤ ጉልበቱን የሚወስነው የሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ነው። ናፍጣው ሲያንስ ሞተሩ ይደክማል፣ ይቀዘቅዛል፣ አይጎዳም። ሲበዛ ነው ጥቁር ጭስ የሚያወጣው፣ የሚግለው፣ ፒስተን የሚያቀልጠው። ስለዚህ ለናፍጣ ሰው «ነዳጅ ቀንስ» ማለት «ሞተሩን አድን» ማለት ነው። በቤንዚን ቱርቦ ላይ ያው ምክር ሞተር ይገድላል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ናፍጣ መኪና እንጦጦን ሲወጣ የሚያጨሰው ለዚህ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ናፍጣው እንዳለ ይረጫል። ሾፌሩ ጉልበት አነሰኝ ይላል፤ ጋሼ ደግሞ ጭሱን አይተው ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን ይቀንሳሉ። ቱርቦ ያላቸው ሲመጡ ፖምፓው ላይ የጎሚኒ ዲያፍራም ያለበት ክዳን ተጨመረ። ቱርቦው ሲነፋ ግፊቱ በቀጭን ቱቦ መጥቶ ዲያፍራሙን ይገፋል፣ ዲያፍራሙ ናፍጣ ይጨምራል። ካልነፋ አይጨምርም። «ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ» አሉ በአድናቆት፤ «ነዳጁ ግን አየሩ መምጣቱን ያውቅ ነበር።»

ነዳጁ አየሩ መምጣቱን ማወቅ አለበት። እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች ካዳመጥኩት ውስጥ ዋናው ይኼ ይመስለኛል።

በልጁ መኪና ላይ የሚገባውን አየር የሚቆጥር ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ ኢንጀክተሮቹ ለስንት ሺህኛ ሰከንድ እንደሚከፈቱ ያዛል። ችግሩ፣ ያዘዘው ነዳጅ በእርግጥ መድረሱን አያይም። በዝግታ ሲነዳ ከጭስ ማውጫው ባለው የኦክስጅን ሴንሰር እየተመራ ራሱን ያርማል። እግር እስከ ወለሉ ሲረገጥ ግን ያንን ትቶ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ይሄዳል። ይኸውም ጥፋት ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ማለት ነው።

*

በሁለተኛው ቅዳሜ የኋላ ወንበሩ ተነስቶ፣ ከሥሩ ያለችው ክብ ክዳን ተፈታች። ፓምፑ ከታንከሩ ውስጥ ከነእቃፊው ወጣ። በቤንዚን ሽታ ዓይናችን አነባ። ፓምፑ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። ጋሼ ፓምፑን አላዩትም። ከፓምፑ ጫፍ እስከ ማውጫው ያለችውን፣ ከአመልካች ጣት የማትረዝም ጥቁር ቱቦ ይዘው አጎበጧት። ጀርባዋ ላይ ሥንጥቅ ተከፈተ፤ ልክ እንደ ዓሣ ስንጥብ።

«ይቺ ናት» አሉ።

ቱቦዋ የቤንዚን ቱቦ ናት፤ ግን ከታንከር ውጭ፣ ኮፈን ሥር እንድትሠራ የተሠራች። ውስጧ ቤንዚን ይችላል፣ ውጯ ግን አይችልም። ቤንዚን ውስጥ ስትነከር ውጫዊ ልባሷ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ቤንዚን ውስጥ ሰጥማ እንድትኖር የምትሠራው ሌላ ናት፤ ጎኗ ላይ ኤስኤኢ 30አር10 የሚል ጽሑፍ ይታተምባታል። ዋጋዋ ከተራዋ ይወደዳል፤ ቢሆንም ከአንድ ሰው የምሳ ሒሳብ አያልፍም።

ተንኮሏ ደግሞ የማይታይ መሆኑ ነው። ቱቦው ከውጭ ቢቀደድ ይንጠባጠባል፣ ይሸታል፣ ሰው ያየዋል። ታንከር ውስጥ ሲቀደድ የሚያፈሰው ተመልሶ ወደ ታንከሩ ነው። መኪናው ቆሞ ሲሠራ ምንም አይሰማውም፤ ገበያ ሲሄድ፣ ሥራ ሲሄድ ደህና ነው። ሥንጥቁ የሚከፈተው ግፊቱ ሲጨምር ነው፤ ግፊቱ የሚጨምረው ደግሞ ቱርቦው ሲነፋ ነው። ሞተሩ ነዳጅ በጣም በሚፈልግባት በዚያች ቅጽበት ነዳጁ ይቀራል።

ልጁ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው። «ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ሁሉም ነገር ልክ ነበር ጋሼ።»

«ትእዛዙ ልክ ነበር» አሉት። «የደረሰውን ማን አየ?»

ግፊቱ ለምን እንደሚጨምር ለመረዳት እኔም ጊዜ ወስዶብኛል። ኢንጀክተሩ ነዳጁን የሚረጨው ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ነው። ቱርቦው ሳይነፋ እዚያ ያለው አየር ስስ ነው፤ ነዳጁ በቀላሉ ይገባል። ሲነፋ ግን አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በርን ከሁለት ወገን እንደመግፋት ነው፤ ከውስጥ ያለው ሲበረታ ከውጭ ያለውም በዚያው ልክ ካልበረታ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ የነዳጅ ግፊት ተቆጣጣሪው፣ ሬጉሌተር የሚባለው፣ ከአየር ማስገቢያው ቀጭን ቱቦ ተስቦለት በነፋው ልክ ይጨምራል። መሠረቱ 3 ባር ከሆነና ቱርቦው 1.4 ባር ከነፋ፣ ነዳጁ 4.4 ባር መሆን አለበት። በነዳጁና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ያው 3 ባር ይሆናል፤ ኢንጀክተሩም በደቂቃ ይህን ያህል ይረጫል ተብሎ የተጻፈለት ቁጥር እውነት ሆኖ ይቆያል። የጋሼ ፖምፓ ላይ የነበረው ዲያፍራም ታናሽ ወንድም ነው።

*

ሦስተኛው ቅዳሜ የዕቃ ምርጫ ቀን ነበር። ልጁ ስልኩ ላይ ረጅም ዝርዝር ይዞ መጣ፤ ከሁሉም ትልቁን ኢንጀክተር፣ ከሁሉም ትልቁን ፓምፕ። ጋሼ ዝርዝሩን አላነበቡም። «ነዳጅህን የት ነው የምትቀዳው?» ብለው ጠየቁት።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የቀረው ሁሉ ግን የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። እዚህ አካባቢ በየማደያው 93 ኦክቴን ቤንዚን አለ። ሌላው አማራጭ ኢ85 ነው፤ አብዛኛው ኢታኖል የሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከበቆሎ የሚጠመቅ ነዳጅ። የልጁ ጓደኞች ሁሉ በእሱ ይምላሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ኢታኖል ሲተን ከቤንዚን በእጥፍ የበለጠ ሙቀት ይወስዳል። አረቄ እጅ ላይ ሲደፋ የሚሰማውን ቅዝቃዜ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ማንኳኳትንም በደንብ ይቋቋማል፤ ስለዚህ በያው ሞተር ላይ ቱርቦው የበለጠ ቢነፋ፣ ካንዴላውም ቀደም ብሎ ቢለኩስ ይችላል።

ኢታኖል ለእኛም አገር ባዕድ አይደለም። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተጠመቀ ኢታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ በ5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ አድጓል። በ5 እና በ10 በመቶ መኪናው ለውጡን እምብዛም አያስተውለውም። በ85 ግን ሌላ ፍጥረት ነው።

አንደኛ፣ ብዙ ይበላል። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለያዘ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠንበት ልክ ሌላ ነው፤ ለአንድ ግራም ንጹሕ ኢታኖል 9 ግራም አየር ብቻ። ስለዚህ ለዚያው አየር ኢ85 በመጠን ከቤንዚን ከ30 እስከ 40 በመቶ የበለጠ መረጨት አለበት። ሁለተኛ፣ ስሙ 85 ይባል እንጂ ማደያው ውስጥ ያለው የኢታኖል መጠን በወጣለት ደረጃ መሠረት ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ብርድ ሞተር እንዲነሳ ሲባል ይቀንሳል። በበጋ ለ80 የተስተካከለ መኪና በጥር ሌላ ነዳጅ ይጠጣል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ውኃ ይስባል፤ ለእሱ ያልተሠራ ጎሚኒና ብረት ላይም አይራራም። መኪናውን ለወራት አቁሞ የሚተው ሰው ቢርቀው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ የካርቶን ቁራጭ አንስተው በእርሳስ ማስላት ጀመሩ። ልጁ የሚፈልገው 400 የፈረስ ጉልበት ነው። በቱርቦ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ይበላል፤ ለ400 ወደ 108 ኪሎ ግራም። በሊትር 146 ገደማ ይመጣል። (ልጁ እዚህ ላይ ቀና አለ። 60 ሊትር የሚይዘው ታንከሩ በዚያ አካሄድ 25 ደቂቃ እንኳን አይሞላም።) ያ ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ 610 ሲሲ ያህል ነው። ኢንጀክተር ግን ያለ ዕረፍት ተከፍቶ መቆየት የለበትም፤ ከጊዜው ከ85 በመቶ በላይ ባይከፈት ይመረጣል። ስለዚህ ለ93ቱ ቤንዚን 720 ሲሲ ገደማ የሚረጭ ኢንጀክተር ያስፈልጋል። ለኢ85 ከሆነ ደግሞ 1,000። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው 550 ገደማ ነው፤ በነሐሴ ቱርቦ ሲገጠም አልተቀየረም ነበር። ቱቦዋ ባትቀደድ እንኳን ብዙ አይቆይም ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን የመጨረሻውን ትልቅ አይገዛም? ሞተሩ በደቂቃ 6,500 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዑደት የሚፈጀው 18 ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ትልቅ ኢንጀክተር መልካም ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ግን የሚፈለገው ጠብታ ነው። ኢንጀክተሩ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ እስኪከፈት የሚባክን ጊዜ አለ፤ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ፣ እሱም እንደ ባትሪው ኃይል የሚለዋወጥ። ኢንጀክተሩ በጣም ሲተልቅ የሚከፈትበት ጊዜ ወደዚህ ብክነት ይጠጋና ልኩ ይጠፋል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸታል። ዘመናዊዎቹ ከድሮዎቹ በብዙ ይሻላሉ፤ በትንሽ ልክም በትክክል ይረጫሉ። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ምክር አለ፦ ሻጩ በየቮልቱና በየግፊቱ እንዴት እንደሚሠራ የተለካ መረጃ ያልሰጠበት ኢንጀክተር በነጻ ቢገኝ እንኳን አይወሰድ። ያለ መረጃው የሚያስተካክለው ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

ፓምፑም እንዲሁ ነው። በገበያው 255፣ 340፣ 450 እየተባሉ የሚጠሩት በሰዓት በሚገፉት ሊትር ነው፤ ቁጥሩ ግን የተለካው በ3 ባር አካባቢ ግፊት ላይ ነው። ግፊቱ ወደ 4.4 ሲወጣ ሁሉም ይቀንሳሉ። የሚደርሳቸው ኤሌክትሪክ ሲደክምም ይቀንሳሉ፤ ሃያ ዓመት የሆነው ቀጭን ሽቦ ለፓምፑ የሚያደርሰው ከባትሪው ያነሰ ነው። ጋሼ ከባትሪው በቀጥታ፣ ወፍራም ሽቦ በፊውዝና በሪሌ ሊስቡለት ወሰኑ። በኢ85 ለ400 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 205 ሊትር ያህል ስለሚፈለግ፣ 255ቱ በወረቀት ላይ በቃ ቢባልም በእውነት ጫፍ ላይ ነው። 450ው ደግሞ ለዚህ መኪና በዝቷል። የተረፈው ነዳጅ የሚመለስበት ቱቦ የፋብሪካው ነው፤ ፓምፑ ከሚችለው በላይ ሲገፋበት ሬጉሌተሩ ይሸነፍና መኪናው ቆሞ ሳለ ግፊቱ ይወጣል፣ ነዳጁም ሲዞር ይሞቃል። 340ው ተመረጠ።

ታንከሩም የራሱ ጣጣ አለው። የዚህ መኪና ኃይል ወደ አራቱም ጎማ ስለሚሄድ፣ ወደ ኋላ የሚያልፈው ዘንግ ታንከሩን ከሥር ሰንጥቆት እንደ ኮርቻ በሁለት ወገን አንጠልጥሎታል። ፓምፑ በአንደኛው ወገን ነው፤ ከሌላኛው ወገን ነዳጁን የሚያሻግረው ተመላሹ ነዳጅ ራሱ በሚፈጥረው ስበት ነው። ታንከሩ ከሩብ በታች ሆኖ በኃይል ሲታጠፍ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። ለውድድር የሚሠሩ ሰዎች መሃል ላይ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ትንሽ ታንክ ይጨምራሉ። ለልጁ የታዘዘው ግን «ሩብ ሳይደርስ ቅዳ» የሚል ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

ከ2015 ወዲህ ያለውን ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ (ኤስቲአዩን ሳይሆን) የገዛ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት እንዳለ አይሠራለትም። እነዚያ ነዳጁን የሚረጩት በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ሞተሩ ራሱ በሚያዞረው ሌላ ፓምፕ ነው። ኢንጀክተር መቀየር ከባድም ውድም ስለሆነ፣ ብዙዎች የቀደመውን ዓይነት ኢንጀክተር ተጨማሪ አድርገው ያስገጥማሉ። ቶዮታ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ሞተር ላይ እየገጠመ ይሸጣል፤ ብልህነት ነው እላለሁ።

ነዳጅን አስቀድሞ አለማሰብ የወጣቶች ስሕተት ብቻ አይደለም። ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየር የተባለች ቱርቦ መኪና ለሕዝብ አቀረበ፤ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። በካርቡራቶር የምትሠራ፣ የአየር መታመቂያ ልኳም ከፍ ያለ ስለነበር ማንኳኳትን የሚከላከልላት ነገር ያስፈልጋት ነበር። መሐንዲሶቹ ውኃና ሜታኖል እኩል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ቱርቦው ሲነፋ እንዲረጭ አደረጉ። ፈሳሹ ሲያልቅ ሞተሩ እንዳይጎዳ ንፋቱን የሚገታ ቫልቭ ሳይቀር አስበው ሠርተዋል። የዘነጉት ሰውን ነበር። ብዙዎቹ ባለቤቶች ፈሳሹን አይሞሉም፤ መኪናይቱም ደከመች ተባለች። በሁለት ዓመት ከ10 ሺህ ያነሰ ተሽጣ ቀረች፤ ከተሸጡትም ብዙዎቹ ኋላ ቱርቧቸው ተነቅሎ ተራ ካርቡራቶር ተገጠመላቸው። ይህንን ሳነብ ጋሼ ስለ ማደያው የጠየቁት ጥያቄ ገባኝ። ለመኪናው የሚሆነው ነዳጅ፣ ሰውየው ደክሞት ከሥራ ሲመለስ በእርግጥ የሚቀዳው ነዳጅ ነው።

ኢ85 ያለው ማደያ ከልጁ ቤት ሃያ ደቂቃ ይርቃል። የሥራ መንገዱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም የምትችል መኪና እንድትሆን ተወሰነ፤ 1,000 ሲሲ ኢንጀክተር፣ 340 ፓምፕ፣ በነዳጁ መስመር ላይ ደግሞ የኢታኖሉን መጠን የሚለካ ሴንሰር። ጄኔራል ሞተርስ በፋብሪካ መኪኖቹ ላይ የሚገጥመው ዓይነት ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ቢመታ ኢታኖል የለም ማለት ነው፣ 150 ጊዜ ቢመታ ሙሉው ኢታኖል ነው፤ በመካከል ያለውን ኮምፒውተሩ ያነብና የሚረጨውንና የሚለኩሰውን በዚያ ያስተካክላል። 93 ቀድቶ ሲመጣ ቱርቦው ዝቅ ብሎ ይነፋል፤ መኪናው ባለ 350 የፈረስ ጉልበት ሆኖ ይሄዳል። የጭስ ማጣሪያው ካታሊስት በቦታው ይቆያል፤ ሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ አለ፣ እሱን መንቀልም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ከዝርዝሩ ሁሉ ልጁ ያላሰበው፣ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማስቀምጠው አንድ ዕቃ አለ፦ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር። መድረሱን የሚያይ ዓይን ነው። በነዳጁና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ባር ሲወርድ ኮምፒውተሩ ወዲያው ንፋቱን ይለቃል፣ ሞተሩን ያዳክማል። በነሐሴ ቢኖር ኖሮ፣ ያ ፒስተን ዛሬ ቦታው ላይ በነበረ።

*

በተሰበረው ምትክ አዲስ ሞተር ተገጥሞ 1,000 ማይል ያህል ቀስ ተብሎ ተነዳ። ከዚያ በታኅሣሥ ቅዳሜ መኪናው ጉልበት በሚለካባቸው ሮለሮች ላይ ወጣ፤ በማሰሪያ አራት ቦታ ታሰረ፣ ትልቅ ማራገቢያ ከፊቱ ቆመ። የመለኪያው ሰሌዳ ላይ ብዙ መስመሮች ይሄዳሉ። ጋሼ የጉልበቱ ቁጥር የሚታይበትን ጥግ በሰማያዊ ቴፕ ሸፈኑት።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ዓይኑ እዚያ እንዳይሄድብኝ።»

ሞተሩ ጮኸ፤ የጋራዡ በር ተንቀጠቀጠ። የአየሩ መስመር ወጣ፤ 0.5፣ 0.9፣ 1.4 ባር። የነዳጁ መስመር አብሮት ወጣ፤ 3.5፣ 3.9፣ 4.4። ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሰዎች እስከ ጫፍ ደረሱ፤ እስከ መጨረሻዋ ዙር አንዱ ሌላውን አልለቀቀም። ልጁ ትንፋሹን ይዞ ኖሮ አሁን አወጣ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። ጋሼ ቴፑን አነሱት። ልጁ ቁጥሩን አየት አደረገና ዓይኑ ወደ ነዳጁ መስመር ተመለሰ።

ማታ ወደ ማደያው አብሬው ሄድኩ። ብርዱ ይቆርጣል። ከቀዳው ኢ85 ጥቂት፣ ውኃ ወዳለባት ባለ መስመር የብርጭቆ ቱቦ ጨመረና ክዳኗን ይዞ ናጣት። ኢታኖል ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ንጣፍ በወፈረው ልክ መጠኑ ይታወቃል። በማደያው መብራት ፊት ለፊት ይዟት ቆጠረ፦ 70። መኪናው ውስጥ ያለው ሴንሰር 68 አለ። ጋሼ በሰጡት ትንሽ ደብተር ላይ ቀኑንና ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፈ።

ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። እጁን አንስቶ ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝ። ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ቀጭን የንብ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማና ጸጥ አለ።

«ሰማሽው አክስቴ?» አለኝ። «ፓምፑ ነው። አሁን ሞልቷል።»